ባለ ብዙ ደረጃ ተቆልቋይ ሜኑ ምንድን ነው?

የአንድ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ሲከፈት ከላይ በኩል ጥቂት ቃላት ተደርድረው ይታያሉ፦ ስለ እኛ፣ ትምህርት፣ ምርምር፣ ምዝገባ፣ ያግኙን። «ትምህርት» ላይ ማውዝ ሲያርፍ ከሥሩ የኮሌጆች ዝርዝር ይወርዳል። ከኮሌጆቹ አንዱ ላይ ሲደረስ ደግሞ የትምህርት ክፍሎቹ ዝርዝር በጎን ይከፈታል። ባለ ብዙ ደረጃ ተቆልቋይ ሜኑ የሚባለው ይኸው ነው፤ በዝርዝር ውስጥ ዝርዝር፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ዝርዝር።

አጥንቱ የገጹ ይዘት በሚጻፍበት ቋንቋ፣ በኤችቲኤምኤል፣ የሚጻፍ ተራ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን ዩኤል፣ እያንዳንዱን ነጥብ ኤልአይ ይይዘዋል። «ትምህርት» አንድ ኤልአይ ነው። የኮሌጆቹ ዩኤል የሚገባው የ«ትምህርት» ኤልአይ ሳይዘጋ እዚያው ውስጡ ነው፤ የትምህርት ክፍሎቹ ዩኤልም በየኮሌጁ ኤልአይ ውስጥ። ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ኤልአዩን ይዘጉና ንዑሱን ዝርዝር ከውጭ ያስቀምጡታል። ሲያዩት ልዩነት የለውም። ማውዙ ከ«ትምህርት» ተነሥቶ ወደ ኮሌጆቹ ሲወርድ ግን ከኤልአዩ ስለሚወጣ ዝርዝሩ ፊታቸው ላይ ይዘጋል። ንዑሱ ዝርዝር ውስጥ ከሆነ ግን ማውዙ እሱ ላይ ሲሆንም «ትምህርት» ላይ እንዳለ ይቆጠራል፤ ሜኑውን ከፍቶ የሚያቆየውም ይህ ነው። በትክክል የተጻፈ ዝርዝር ሌላም ጥቅም አለው፦ ኔትወርክ ተንቀራፎ ሲኤስኤሱ (የገጹን መልክና አቀማመጥ የሚወስነው ኮድ) ባይጫን እንኳ ገባ ገባ ብሎ የተደረደረ፣ የሚነበብና የሚነካ ሊንክ ይቀራል።

ቀጥሎ ሲኤስኤስ ይመጣል። ንዑሳን ዝርዝሮቹ ሁሉ መጀመሪያ ይደበቃሉ። ወላጁ ኤልአይ ፖዚሽን ሪላቲቭ፣ ንዑሱ ዩኤል ፖዚሽን አብሶሉት ይሰጣቸዋል፤ ስለዚህ ንዑሱ ቦታውን ከወላጁ ይለካል፣ ሲከፈትም ከሥር ያለውን ጽሑፍ አይገፋም። ለሁለተኛው ደረጃ ቶፕ 100% ሲባል ልክ ከወላጁ ሥር ይሆናል። ለሦስተኛው ደግሞ ቶፕ 0 እና ሌፍት 100% ሲባል ከወላጁ ጎን፣ እኩል መስመር ላይ ይቀመጣል። በመጨረሻም ማውዝ ያረፈበት ኤልአይ የቅርብ ልጁን ዩኤል ብቻ እንዲያሳይ ይታዘዛል። «የቅርብ ልጅ» የሚለውን የሚገልጸው ምልክት ከተረሳ «ትምህርት» ሲነካ የሁሉም ደረጃዎች ዝርዝር ባንዴ ይዘረገፋል።

ይህ አሠራር በሰፊው የታወቀው ፓትሪክ ግሪፊትስና ዳን ዌብ በ2003 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) «ሰከርፊሽ» የተባለውን ዘዴ ካሳተሙ በኋላ ነው። በጊዜው ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ብራውዘር፣ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6፣ የማውዝ ማረፍን በሊንክ ላይ ካልሆነ በኤልአይ ላይ አያውቅም ነበር፤ ለእሱ ሲባል ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ጥቂት መስመር ይጨመር ነበር። ዛሬ ያ ችግር የለም።

ያልቀረው ችግር የሰያፍ መንገድ ነው፤ እኔ አንድን ሜኑ ስፈትሽ መጀመሪያ የማየውም እሱን ነው። አንድ ተማሪ «የተፈጥሮ ሳይንስ ኮሌጅ» ላይ ቆሞ በጎን የተከፈተው ዝርዝር መጨረሻ ላይ ያለውን «ስታትስቲክስ» ይፈልጋል እንበል። እጁ በተፈጥሮው የሚሄደው በሰያፍ፣ በአቋራጭ ነው። በመንገዱ ላይ ግን ከሥር ያለውን «የጤና ሳይንስ ኮሌጅ» ይነካል፤ የተከፈተው ዝርዝር ይጠፋና የጤናው ይተካል። ተማሪው ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል፣ በመጨረሻ በጠባብ ኮሪደር እንደሚሄድ ሰው መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን፣ ከዚያ ወደ ታች መንዳት ይማራል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የአፕሉ ብሩስ ቶግናዚኒ ይህን ገና በ1980ዎቹ በማኪንቶሽ ሜኑ ላይ ፈትቶታል፤ ማውዙ ከቆመበት ነጥብ ወደ ንዑሱ ዝርዝር ሁለት ጥጎች የሚሰፋ የማይታይ ሦስት ማዕዘን ይታሰባል፣ ማውዙ በዚያ ውስጥ እየገሰገሰ እስካለ ድረስ ዝርዝሩ አይለወጥም። በ2013 ፕሮግራመሩ ቤን ኬምንስ የአማዞን ሜኑ በዚሁ ስልት እንደሚሠራ አብራርቶ ለማንም የሚሆን የጄኳሪ (የታወቀ የጃቫስክሪፕት ስብስብ) ኮድ ለቋል። ያን ያህል መድከም ለማይፈልግ ዲስፕሌይ ነን የተባለውን የሲኤስኤስ መደበቂያ ትቶ መዘግየት በሚቀበለው በቪዚቢሊቲ መደበቅና ለመክፈትም ለመዝጋትም የሰከንድ ሩብ ያህል መዘግየት መስጠት ብዙውን ያቃልላል።

ስልክ ላይ ደግሞ የሚያርፍ ማውዝ ጭራሽ የለም። እኛ አገር ኢንተርኔት ለብዙ ሰው ስልክ ማለት ስለሆነ ይህ እንደ ጭማሪ የሚታይ ጉዳይ አይደለም። አንዳንድ ብራውዘር የመጀመሪያውን ንክኪ እንደ ማረፍ፣ ሁለተኛውን እንደ ክሊክ ይወስዳል፤ ተጠቃሚው ግን ይህን በምን ያውቃል? የሚሻለው «ትምህርት» የሚለውን ሊንክ ለብቻው ትቶ አጠገቡ ቀስት ያለበት እውነተኛ በተን ማድረግ ነው። በተኑ ሲነካ ንዑሱ ዝርዝር እዚያው ሥሩ ይዘረጋል፣ ሌሎቹን ወደ ታች እየገፋ። በተኑ ላይ አሪያ ኤክስፓንድድ የሚለው ምልክት ትሩ (እውነት) ወይም ፎልስ (ሐሰት) እየሆነ መቀያየር አለበት፤ ማየት የተሳነው ሰው ስክሪን ሪደሩ (ገጹን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም) «ተከፍቷል»፣ «ተዘግቷል» ብሎ የሚነግረው ከዚያ አንብቦ ነው። ያው በተን በኪቦርድ ብቻ ለሚሠራውም መንገድ ይከፍታል። የ2018ቱ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ 2.1 እንደሚያዘው ደግሞ ማውዝ ሲያርፍ የሚከፈት ነገር ማውዙን ሳያነሡ፣ ለምሳሌ በኢስኬፕ፣ መዘጋት መቻል አለበት።

በአማርኛ ሲሠራ የሚመጣ ጣጣም አለ። ከእንግሊዝኛ ቴምፕሌት የተወሰደ ሜኑ ስፋቱ ብዙ ጊዜ በ150 ፒክስል ግድም የተገደበ ነው፤ «የተማሪዎች ምዝገባ ጽሕፈት ቤት» ሲገባበት ሁለት ሦስት መስመር ይሆናል፣ ፊደሎቹም ይነካካሉ። ስፋቱን በዝቅተኛ ልክ ብቻ ወስኖ ቀሪውን ለጽሑፉ መተው፣ የመስመሩንም ከፍታ መጨመር ይበጃል። ሰፊ ዝርዝር ሦስተኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ ከስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ ያልፋል፤ ለመጨረሻዎቹ ነጥቦች ወደ ግራ እንዲከፈት ማዘዝ ያስፈልጋል። በእስራኤል ወይም በገልፍ አገሮች ላሉ ወገኖቻችን ሲሠራና ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፍ የዕብራይስጥ ወይም የዐረብኛ ገጽ አብሮ ካለ፣ ሌፍት በሚለው ምትክ ኢንሴት ኢንላይን ስታርት ቢባል አቅጣጫው ራሱ ይገለበጣል።

የድረ ገጽ መሥሪያው ሶፍትዌር ዎርድፕረስ ከ2010ሩ ቨርዥን 3.0 ጀምሮ ንዑስ ሜኑን በመጎተት ብቻ ስላስቻለ አራትና አምስት ደረጃ መደርደር ቀላል ሆኗል። ቡትስትራፕ የተባለው ዝግጁ የድረ ገጽ ኮድ ስብስብ በበኩሉ በ2013 ሦስተኛው ቨርዥኑ ላይ በንዑስ ሜኑ ውስጥ የሚከፈተውን ንዑስ ሜኑ አውጥቶታል፤ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ሜኑው ኮሌጆቹ ላይ ያብቃ፤ የትምህርት ክፍሎቹ ዝርዝር የኮሌጁ ገጽ ላይ፣ ከርእሱ ሥር በግልጽ ይቀመጥ።