ሲስተሙ «አለ» ይላል፣ መደርደሪያው ባዶ ነው፦ በችርቻሮ ሱቅ የዕቃ መገኘት እንዴት ይለካል?

ገዢው የፈለገውን ዕቃ በመጣበት ሰዓት መደርደሪያ ላይ ያገኘዋል ወይ? የዕቃ መገኘት መለኪያ ይሄን ጥያቄ በቁጥር መመለስ ነው። ሱቁ 200 ዓይነት ዕቃ መያዝ ካለበትና ዞር ዞር ብለን ስናይ 190ው ካለ፣ 95 በመቶ እንላለን። ግን የጠፉት 10 የትኞቹ ናቸው? በወር አንዴ የሚሸጡ ከሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ በየሰዓቱ የሚነሱ ከሆነ ግን 95 የሚለው ቁጥር ያሳስታል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ በሽያጩ መጠን መመዘን ይሻላል። ሰዓቱም ለውጥ አለው፤ ጠዋት ሞልቶ የታየ መደርደሪያ ማታ ባዶ ሊሆን ይችላል።

የአቅራቢው አፈጻጸም ለብቻው ይለካል። 100 ካርቶን ታዞ 92 ከመጣ፣ 92 በመቶ ነው። ይሄንን ከመደርደሪያው ቁጥር ጋር አንቀላቅል፤ በሰዓቱ የገባ ዕቃም ስቶር ውስጥ ተረስቶ ይቀራል። ግሩን፣ ኮርስተንና ብሃራድዋጅ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2002 ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ጥናቶችን አገናዝበው አማካይ የመደርደሪያ እጥረቱ 8.3 በመቶ መሆኑን አሳይተዋል፤ አብዛኛው ምክንያትም እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው የተገኘው።

ከሁሉም የሚያስቸግረው በወረቀት ብቻ ያለ ዕቃ ነው። ሻምፖ እንውሰድ። ሲስተሙ፣ ማለትም የሱቁን ዕቃ የሚመዘግበው ኮምፒዩተር፣ 6 አለ ይላል። ሁለቱ ተሰርቀዋል፣ አንዱ ፈስሶ ሳይመዘገብ ተጥሏል፣ ሦስቱ ስቶር ውስጥ ከካርቶን ጀርባ ተወትፈዋል። ሲስተሙ የሚያዘው 5 ሲቀር ነው፤ መደርደሪያው ላይ ስለሌለ አይሸጥም፣ ስለማይሸጥ ቁጥሩ ከ6 አይወርድም፣ ስለማይወርድም ማንም አያዝም። ካሸሩ ሽታቸው የሚለያይ ሁለት ሳሙናዎች መጥተውለት አንዱን ብቻ ሁለቴ ስካን ካደረገም ያው ነው፤ አንዱ በመዝገብ ይጎድላል፣ ሌላው ይተርፋል። በ2008 የታተመ አንድ ጥናት በ37 ሱቆች ወደ 370,000 የሚጠጉ መዝገቦችን አይቶ 65 በመቶዎቹ ከትክክለኛው ቆጠራ ጋር እንደማይገጥሙ አሳይቷል። በጣም ብዙ ነው! ጥሩ ምልክት አለ፦ በቀን አራት የሚሸጥ ዕቃ ሦስት ቀን ሙሉ ዜሮ ሽያጭ ካሳየ፣ ሪፖርቱን ትታችሁ ሄዳችሁ መደርደሪያውን እዩት።

ሌላው ስህተት ሽያጭን እንደ ፍላጎት መቁጠር ነው። 30 ገብቶ እኩለ ቀን ላይ ካለቀ፣ ሽያጩ 30 ነው፤ ከሰዓት በኋላ መጥተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱት ግን የትም አይመዘገቡም። ሲስተሙ «በቀን 30 ይበቃል» ብሎ ይማርና ነገም ያንኑ ያዛል። ዕቃው ያለቀበትን ሰዓት መያዝና ፍላጎቱን ዕቃው ሳያልቅ ከዋለባቸው ቀኖች መገመት ያስፈልጋል።