«ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»፦ የምሳሌው ትርጓሜ ከእድር ሥራ አንጻር

ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር በእድር ስብሰባ ላይ፣ በተለይም ወርኃዊው መዋጮ ከፍ እንዲል ወይም ለአዲስ ድንኳን ገንዘብ እንዲሰበሰብ በሚመከርበት ቀን፣ ከሽማግሌዎች አፍ አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ «ተጋግዘው የሚሠሩት ሥራ ይቀልላል» ተብሎ ይፈታል። ፍቺው ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ይመስለኛል፤ ምሳሌው «ለሃምሳ ሰው ቀላል ነው» አላለምና። ያለው «ጌጡ ነው» ነው፤ ምሥጢሩም ያለው በዚህች ቃል ላይ ነው።

በመጀመሪያ ሸክሙን እንመልከት። ሃምሳ ሎሚ በሚዛን ቢለካ ጎልማሳ የሚያጎብጥ ክብደት የለውም፤ በዘንቢል ከተደረገ አንድ ሰው ከገበያ ቤቱ ያደርሰዋል። ሸክም ያሰኘው ክብደቱ ሳይሆን ብዛቱና ክብነቱ ነው። በሁለት እጅ አይያዝም፤ አንዱን ሲያነሡ ሌላው ይንከባለላል፣ የተንከባለለውን ሲያሳድዱ የያዙት ይበተናል። ዘንቢል ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሎሚነቱ ይቀራል፤ ቢጫ መልኩን የሚያይ፣ ሽታውን የሚያሸት የለም፣ ተሸካሚውም የሚያውቀው እጁን የሚቆርጠውን ማንጠልጠያ ብቻ ነው።

አንድ ሎሚ በአንድ እጅ ሲያዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሎሚ በአገራችን ለምግብና ለመድኃኒት ብቻ የሚፈለግ አይደለም፤ በእጅ ተይዞ የሚሸተት፣ ለበዓል ከአዲስ ልብስ ጋር የሚታሰብ ፍሬ ነው። በጥምቀት ቀን ወጣቱ ልቡ ለወደዳት ልጅ ሎሚ የሚወረውረውም ስለዚህ ነው። ምሳሌውን ከዚህ ልማድ ጋር አያይዤ አነበዋለሁ፤ ሎሚን በእጁ ይዞ በዓል የወጣ ሰው ያጌጠ ሰው ነበርና፣ ሃምሳ ሰው አንዳንድ ሎሚ ይዞ ቢወጣ ሃምሳው ሁሉ ያጌጠ ይሆናል። ዘንቢሉ የሸፈነው መልክና ሽታ የሚገለጠው ሎሚው ሲከፋፈል ነው።

ሐዘን የደረሰበትን ቤት ያየ ሰው የሎሚውን መንከባለል በዓይኑ ያየ ያህል ነው። የመቃብር ቦታ መያዝ አለበት፤ ለሩቅ ዘመድ መርዶ መነገር አለበት፤ ድንኳን፣ ወንበር፣ ውኃ፣ እንጀራ፣ ወጥ፣ ንፍሮ፣ ለሚያድሩት ሰዎች የሚነጠፍ ምንጣፍ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ የሚቻል ሥራ ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን፣ ያውም ልቅሶ ላይ በተቀመጠ ሰው ላይ ሲወድቅ ግን አይያዝም። አባቴ ያረፈ ዕለት እኔ የማስታውሰው ስልክ ይዤ በግቢው መካከል መቆሜን እና ከየቱ እንደምጀምር ማጣቴን ነው። ለእድሩ ዳኛ ከተነገረ በኋላ ግን ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ጥሩምባ ነፊው ሰፈሩን ዞረ፤ ጎረምሶቹ የድንኳኑን ምሰሶ ተሸክመው መጡ፤ የሴቶች እድር አባላት ድስታቸውን ጣዱ፤ ገንዘብ ያዡ የቀብር ማስፈጸሚያውን ቆጥሮ አስረከበና አስፈረመ። ከመካከላቸው የደከመው ቢኖር እንኳ የተማረረ አላየሁም። ምሰሶ የተሸከመው ልጅ በሰፈሩ ሰው ፊት ቀና ብሎ ይሄድ ነበር፤ ጌጥ የሚለው ቃል የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እድር በተለይ በከተማ የጠነከረበት ምክንያትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ከልዩ ልዩ አውራጃ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ሰው በገጠር ቀብሩን ያስፈጽምለት የነበረውን ዘመድ ትቶ ስለመጣ፣ የቅርብ ጎረቤቱ በዘመድ ፈንታ መቆም ነበረበት። በዚህም የተነሣ በብዙ ሰፈር አንድ የእድር መዝገብ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም፣ ሀብታሙንም የቀን ሠራተኛውንም ያቅፋል፤ ደጅ መዋሰን ይበቃል። ልማዱ ባሕር ተሻግሮ በዋሽንግተን አካባቢ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድም ቆሟል፤ እዚያ ከባዱ ነገር ብዙ ጊዜ አስከሬን ወደ አገር ቤት የመላኩ ወጪ ሲሆን፣ ይህም በአባላት መዋጮ ይሸፈናል።

ምሳሌው ግን የሚሠራው ሃምሳው ሰው በእርግጥ ሲገኝ ነው፤ ይህን ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። የእድር ደንብ በቀብር ላይ የቀረ አባል እንዲቀጣ ያዛል፤ አንዳንዱ ታዲያ ቅጣቱን እንደ ዋጋ ቆጥሮ ከፍሎ ይቀራል። ገንዘቡ ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ሎሚው ግን በመጣው ሰው እጅ ላይ ይደረባል። እንዲህ የሚያደርጉ አባላት ሲበዙ ሥራው ሁሉ በዳኛው፣ በጸሐፊው እና በሦስት አራት ታማኝ ሴቶች ላይ ይቀራል፤ እነርሱም ተመልሰው ባለ ዘንቢል ይሆናሉ። ቅጣት የተደነገገው ሰው እንዲመጣ ነው እንጂ መምጣትን እንዲተካ አይደለም፤ ስለዚህ በስብሰባ ላይ ይህን ምሳሌ የሚጠቅሱ ሽማግሌዎች ከመዋጮው እኩል ስለ መገኘት ቢናገሩበት ደስ ይለኛል።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነቀል ይህ ሁሉ በግልጽ ይታያል። ንብረት ያዡ ሰሃኑን፣ ብርጭቆውን እና ትሪውን ይቆጥራል፤ የተሰበረው ይመዘገባል። ሸራው በስድስት ሰው ታጥፎ ይታሰራል፤ አግዳሚ ወንበሮቹም አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ሆኖ፣ በየትከሻው ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ይመለሳሉ።