ከፅንስ መጨንገፍ በኋላ የሚወሰድ ፈቃድ ምንድን ነው?

አንዲት ጓደኛዬ በ11ኛው ሳምንት ፅንሱ ጨነገፈባት። ሦስት ቀን ቤት ቆይታ በአራተኛው ቢሮ ገባች። የቀረችባቸውን ቀናት የምትሞላበት ፎርም ሰጧት። «የፈቃዱ ዓይነት» ይላል፤ ከሥሩ አራት ሳጥን አለ። የዓመት፣ የሕመም፣ የወሊድ፣ የሐዘን። እስክሪብቶውን እንደያዘች ቆየች። ታመምኩ ትበል? ወለድኩ? ሰው ሞተብኝ? ጭንቅ ሲላት የዓመት የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ መለሰችላቸው። ማንም ምንም አልጠየቃትም። እሷም የፈለገችው ይህንኑ ነበር።

የዓመት ፈቃድ ግን ሠርታ ያጠራቀመችው የራሷ ቀን ነው። ሳያስፈልጋት ከኪሷ ከፈለች ማለት ነው።

ከፅንስ መጨንገፍ በኋላ የሚወሰድ ፈቃድ የሚባለው፣ እርግዝናው ሳይታሰብ ሲቋረጥ ሰውነት እንዲያገግም፣ ሐዘኑም ጋብ እንዲል ከሥራ የሚሰጥ ቀን ነው። አንዳንድ አገር ራሱን የቻለ ስም አለው። በብዙ ቦታ ግን ስም ስለሌለው ሕመም፣ ወሊድ ወይም ሐዘን ከሚባሉት ከአንዱ ሥር ይጠለላል። ስሙ ታዲያ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ስንት ቀን እንደሚሰጥ፣ ደመወዝ ይከፈልበት እንደሆነ፣ ባልም ይካተት እንደሆነ የሚወሰነው በእሱ ነው።

ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣ የወሊድ ሕግ በተጀመረው መብት ፅንስ ለጨነገፈባት ሠራተኛ 6 ሳምንት ከነክፍያው ይሰጣል፤ ማስረጃ ማቅረብ አለባት። ፊሊፒንስ በ2019 ባወጣችው ሕግ 60 ቀን ከሙሉ ክፍያ ጋር ፈቅዳለች። ሁለቱም ነገሩን ከወሊድ ጎን ስላዩት ቀኑ ረዘም ብሏል። ኒውዚላንድ ደግሞ በ2021 ከሐዘን ፈቃድ ጋር ደመረችው። የተሰጠው 3 ቀን ብቻ ነው፤ ነገር ግን ባልም ይወስደዋል። እሱን የሚያስታውሰው ሕግ ብዙ አይደለም። «ሚስትህ እንዴት ናት?» ተብሎ ይታለፋል እንጂ።

እንግሊዝ ውስጥ መስመሩ 24 ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ሕይወት የሌለው ልጅ የወለደች ሴት ሙሉ የወሊድ ፈቃድ ታገኛለች። በ23 ሳምንት ከ6 ቀን ከሆነ ግን ይህ መብት የላትም። የአንድ ቀን ልዩነት! ሕግ የሆነ ቦታ ላይ መስመር ማስመሩ አይቀርም፣ ይገባኛል። ሰውነት ግን መስመሩን አያውቀውም።

የሰውነቱን ነገር ካነሳን፣ ደሙ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። የወር አበባ የሚመለሰው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እርግዝናው ገፋ ያለ ከነበረ ጡት ወተት ሊያመጣ ይችላል፤ ይህን ማንም ቀድሞ ስለማይነግራት ስብሰባ መሃል ሸሚዟ ሲረጥብ የምታውቅ ሴት አለች። በተከታታይ ሁለት ሰዓት፣ በየሰዓቱ ሁለት ሞዴስ የሚያርስ ደም ከፈሰሰ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ራስ እያዞረ የሚጥል ከሆነ የፈቃዱን ነገር ትቶ ቶሎ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ቶሎ ወደ ሥራ የሚያሯሩጠን አንዱ ነገር ጥፋተኝነት ይመስለኛል። «ያን ካርቶን ባላነሳው ኖሮ»፣ «ያን ሳምንት ባላመሽ ኖሮ» እያልን ራሳችንን እንከሳለን። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚጨነግፉት ፅንሶች ግማሽ ያህሉ የሚቋረጡት በክሮሞዞም፣ ማለትም በፅንሱ የዘር መረጃ ተሸካሚ፣ ችግር ነው። የዕለት ተዕለት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያት አይሆንም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2021 ባወጣው ግምት ደግሞ በዓለም ላይ በየዓመቱ 23 ሚሊዮን ገደማ እርግዝና ይጨነግፋል። በሥራ ቦታሽም ይህን አልፈው ዝም ያሉ ሰዎች ሳይኖሩ አይቀሩም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ፤ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው።

የሐኪም ማስረጃ ላይ የሚጻፈው «ውርጃ» የሚለው ቃል በራሱ የተቋረጠውንም፣ ሆን ተብሎ የተቋረጠውንም ይይዛል። ሐኪሞች ሁለቱንም በዚሁ ስም መዝግበው ሊጽፉ ይችላሉ። ወረቀቱን የሚያየው የሰው ሀብት ክፍል ወይም የኢንሹራንስ ሠራተኛ ግን ሐኪም አይደለም። አንዱን አንብቦ ሌላውን ሊረዳ ይችላል። ስለዚህ ከክሊኒኩ ሳትወጪ አንብቢውና «በራሱ የተቋረጠ» የሚል ቃል እንዲገባበት ጠይቂ። ምክንያቱ ጭራሽ እንዳይታወቅ ከፈለግሽም ይቻላል፤ «ለዚህን ያህል ቀን እረፍት ያስፈልጋታል» ብቻ ብሎ ሐኪሙ እንዲጽፍልሽ መጠየቅ ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት ለሕመም ፈቃድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከወሊድ ወይም ከሐዘን የሚመዘዘውን ለመውሰድ ግን ምክንያቱ ካልተጻፈ ይከብዳል። ምስጢሩ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ፎርም ከመሙላትሽ በፊት ጥያቄው አንድ ነው፦ «ይህ ቀን ከየትኛው ፈቃድ ይታሰባል፣ ይከፈልበታል ወይ?» በጽሑፍ ጠይቂ፣ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። ደመወዝሽ በ30 ቀን የሚታሰብ ከሆነና 10 ቀን ያለ ክፍያ ከወሰድሽ ሲሶው ሄደ። ያውም የደመወዝ መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ከሆነ የሚቆረጠው በሚቀጥለው ወር ነው። ገንዘቡ ደህና መስሎሽ ታወጪና ልክ የሕክምናው ወጪ ሲያልቅ ደመወዙ ጎድሎ ይመጣል። ደረሰኞቹም ለየብቻ ናቸው፤ አልትራሳውንዱ፣ ላብራቶሪው፣ መድኃኒቱ። አንድ ፖስታ ውስጥ ክተቻቸው፣ በኋላ ይደረደራሉ።

ቀኑ ካለቀ በኋላ ሙሉ ቀን መሥራት ካቃተሽ ግማሽ ቀን እየገባሽ መጀመር እንደሚቻል ጠይቂ። ለአለቃ ረጅም ታሪክ መጻፍ አያስፈልግም። «የጤና ችግር ገጥሞኛል፣ የሐኪም ማስረጃ አለኝ፣ ለሁለት ሳምንት ግማሽ ቀን ብሠራ ይሻለኛል፤ ክፍያው እንዴት እንደሚታሰብ ቢነገረኝ» ማለት ይበቃል። በግሏ የምትሠራ ሴት ፎርምም አለቃም የላትም፤ ለእሷ ፈቃድ ማለት ለደንበኛ የምትሰጠው የማስረከቢያ ቀን ነው። እችላለሁ ብላ ካሰበችው ቀን ላይ አንድ ሳምንት ትጨምርበት።

በዚህ ሰሞን የሥራ መልቀቂያ ባይጻፍ ደስ ይለኛል። ትልቅ ብድርም እንዲሁ። ይልቅ ትንንሾቹን ማጽዳት ይሻላል፦ በየወሩ የሚቆረጥበትን የእርግዝና አፕ፣ ያልደረሰውን የአልጋ ትዕዛዝ። አፑ ገንዘቡን ብቻ አይደለም የሚወስደው፤ «እንኳን ለ14ኛው ሳምንት አደረሰሽ» እያለ ስልክሽ ላይ ብቅ ይላል። ይህን ለባለቤትሽ ወይም ለእህትሽ ስልኩን ሰጥተሽ ማስጠፋት ይቻላል።

ጓደኛዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሐኪም ወረቀቷን ይዛ ሦስቱ ቀናት ወደ ሕመም ፈቃድ እንዲዞሩላት ጠየቀች። ትንሽ ካጉረመረሙ በኋላ አዞሩላት። ከተመለሱላት ቀናት አንዱን አስቀመጠችው። ከሰባት ወር ገደማ በኋላ፣ ትወልድበት በነበረው ቀን፣ የፈቃድ ፎርሙ ላይ «የዓመት» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ ቤቷ ዋለች።