ድራግ ጎማ ለመንገድ መኪና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጉልበት ያለው መኪና የገዛ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እዚህ ጋ ይደርሳል። መስታንግ፣ ካማሮ ወይም ቻሌንጀር ገዝቶ ነዳጁን ሲረግጠው መኪናው ከመሄድ ይልቅ ጎማውን ባለበት ያሽከረክራል። ጭስ ብቻ! ከዚያ አንድ ጓደኛ ይመጣና «ድራግ ጎማ አስገባበት፣ በቃ ተገላገልክ» ይለዋል። ምክሩ ውሸት አይደለም። ችግሩ አብሮት የሚመጣው ወሬ ነው። ዲሲ፣ ዳላስ፣ ዴንቨርና ቬጋስ ያሉ ልጆቻችን ቡና ላይ ሲያወሩት የምሰማው ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ደግሞ መኪና የሚያስገለብጥ ነው።

የምጽፈው ቅዳሜ ማታ ድራግ (ቀጥ ባለ መስመር የሚደረግ የፍጥነት ውድድር) ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር፣ ሮጦ ሰኞ ጠዋት በዚያው መኪና ሥራ ለሚገባ ሰው ነው። ሁለት ዓይነት ድራግ ጎማ እንለይ። ስሊክ የምንለው ጥርስ የሌለው ሊሾ ጎማ ነው፣ ቦታው የውድድር ሜዳ ብቻ ነው። ድራግ ሬዲያል ደግሞ ላስቲኩ ለስላሳ፣ ጥርሱ ጥቂት ሆኖ በአሜሪካ መንገድ ላይ እንዲወጣ የተፈቀደለት ነው። ወሬው በብዛት የሚነሳው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው።

«ዲ ኦ ቲ ተጽፎበታል፣ ስለዚህ የመንገድ ጎማ ነው»

ከሁሉም ይበልጥ ሰው የሚጎዳው ይሄ ነው። ዲ ኦ ቲ (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ምህጻረ ቃል) የሚሉት ፊደሎች የሚነግሩህ አምራቹ «ጎማዬ የፌደራሉን የደህንነት መስፈርት ያሟላል» ብሎ ራሱ ማረጋገጡን ነው። መንግሥት ጎማህን አንድ በአንድ ፈትኖ ማህተም አልመታበትም። ዝናብ ላይ ይይዛል የሚል ነገርም የለበትም። ፖሊስ አያስቆምህ ይሆናል፤ ውሃ ላይ ግን አንተም ልቁም ብትል አትቆምም።

የጎማ ጥርስ ለጌጥ አይደለም የተሠራው። በጎማውና በአስፋልቱ መካከል የገባውን ውሃ ጠርጎ የሚያስወጣው እሱ ነው። ድራግ ሬዲያል ላይ ያለው ጥርስ ደግሞ ጥቂት ነው፣ ጥልቀቱም ያንሳል፣ ትንሽ ሲበላ ጭራሽ ሊሾ ይሆናል። ሜሪላንድ ውስጥ በሐምሌ ከሰዓት በኋላ የሚወርደውን ዶፍ ታውቀዋለህ። ፀሐይ ነበር፣ ከደቂቃዎች በኋላ ቤልትዌዩ (የከተማው ቀለበት መንገድ) ላይ ውሃ ተኝቷል። 500 ፈረስ ጉልበት በሁለት የኋላ ጎማ፣ ጎማው ደግሞ ውሃው ላይ ተንሳፎ። መሪውን ብታዞር ምን ዋጋ አለው?

እዚህ ጋ አንዱ ተነስቶ «የ2018ቱ ዶጅ ዴመን ከፋብሪካ ድራግ ሬዲያል አድርጎ ወጥቶ የለ እንዴ!» ይላል። እውነት ነው። በአራቱም እግሩ 315/40 ባለ 18 ኢንች፣ የኒቶ ኩባንያ ኤን ቲ 05 አር ጎማ ለብሶ ነው የወጣው። ግን ያው ፋብሪካ ይህ ጎማ ለብርድና ውሃ ለተኛበት መንገድ እንደማይሆን ገዢውን አስጠንቅቋል። ይሄኛውን ግማሽ ማንም አይጠቅሰውም።

ሁሉም ድራግ ሬዲያል እኩል አይደለም። ከጎማ አምራቹ ሚኪ ቶምሰን ብቻ ብንወስድ ኢቲ ስትሪት አር የሚባለው ለስሊክ የቀረበ ነው፣ ኢቲ ስትሪት ኤስ ኤስ ደግሞ ጥርሱ በርከት ያለና ለመንገድ የታሰበ ነው። በየቀኑ የምትነዳው ከሆነ ወደ ሁለተኛው ዓይነት አዘንብል። ሜዳ ላይ ትንሽ ጊዜ ትከስራለህ። ክሰር።

«በሰፋ ቁጥር የበለጠ ይይዛል»

ስፋት ይረዳል፣ ግን ሰው የሚረሳው የጎኑን ቁመት ነው። መኪናው ሲነሳ የጎማው ጎን እጥፍ ብሎ ድንጋጤውን ይውጣል፣ መሬት የሚነካውንም ክፍል ያስረዝማል። ጎኑ አጭር ከሆነ የሚታጠፍ ነገር የለም፣ ጎማው ወዲያው ተመንጭቆ ይሽከረከራል።

ቁጥሩን እናስላው። ሄልካት (ጉልበተኛው ቻሌንጀር) ላይ የምናውቀው 275/40 ባለ 20 ኢንች ጎማ የጎኑ ቁመት 110 ሚሊ ሜትር ነው (የስፋቱ፣ የ275 ሚሊ ሜትር፣ 40 በመቶ)። የ2023ቱ ዴመን 170 ከኋላ ያደረገው 315/50 ባለ 17 ኢንች ነው፤ የሱ ጎን 157 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሁለቱ ጎማዎች ጠቅላላ ቁመት ግን ብዙም አይራራቅም፣ 728 እና 747 ሚሊ ሜትር። ቸርኬው አንሶ ላስቲኩ በዛ ማለት ነው። ስለዚህ ባለ 20 ኢንቹን ቸርኬ እንደያዝክ ጎማውን ብቻ አስፍተህ ተአምር አትጠብቅ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ትንሽ ቸርኬ ከመግዛትህ በፊት ፍሬንህን ለካ። ትልቅ ፍሬን ያላቸው መኪኖች ላይ ባለ 17 ኢንች ቸርኬ ሁልጊዜ አይገባም፣ ይሄ ደግሞ የሚታወቀው ጎሚስታው ጋ መኪናው ክሪክ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ከሆነ ገንዘብህን ማስመለስ ጣጣ ነው።

ረዘም ያለ ጎማም ማርሹን ይቀይረዋል። ከ26 ኢንች ወደ 28 ኢንች ብትሄድ የኋላህ ዲፈረንሻል የማርሽ ሬሾው 3.73 ከሆነ እንደ 3.46 ነው የሚሠራው። መኪናው አነሳሱ ላይ ይደነዝዛል፣ የፍጥነት መለኪያውም ይዋሻል።

«ንፋስ በቀነስክ ቁጥር ይሻላል»

ይሄ ወሬ የመጣው ከድሮው ባያስ ስሊክ (ውስጡ ያለው ክር በሰያፍ የተነጠፈ ጎማ) ነው። እሱ በ10 ፒ ኤስ አይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ) አካባቢ ሊሮጥ ይችላል፣ ጎኑም ለዚያ ነው የተሠራው። ሬዲያል ግን ክሩ ቀጥ ብሎ ከጎን ወደ ጎን የተነጠፈ ስለሆነ አሠራሩ ሌላ ነው። እንደ ቻሌንጀር ያለ ከባድ መኪና ላይ 20 ፒ ኤስ አይ አካባቢ ጀምረህ አንድ አንድ እየቀነስክ መሞከር ይሻላል። ከልክ በላይ ስታወርደው መሃሉ ወደ ውስጥ ይገባና መሬት የሚነካው ጠርዝና ጠርዙ ብቻ ይሆናል። ከሮጥክ በኋላ ጎንበስ ብለህ እየው። ጠርዙ ተፍቆ ጠቁሮ መሃሉ አቧራ እንደለበሰ ከሆነ ንፋሱ አንሷል። መሃሉ ብቻ ከተፋቀ በዝቷል።

ሌላም ዘዴ አለ፣ ነጭ ቾክ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ቸርኬው ላይና ጎማው ጎን ላይ ትይዩ መስመር አስምር። ሮጠህ ስትመለስ ሁለቱ መስመሮች ከተላለፉ ቸርኬው ጎማው ውስጥ እየዞረ ነው ማለት ነው። ያኔ ንፋስ ጨምር።

የምትለካው ደግሞ ሲቀዘቅዝ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ፋራናይት ሲጨምር ግፊቱ ወደ 1 ፒ ኤስ አይ ይጨምራል። ቬጋስ ላይ መኪናህን አቁመህ አንዱ ጎን ፀሐይ፣ ሌላው ጥላ ከሆነ ሁለቱ ጎማዎች የተለያየ ቁጥር ያሳዩሃል። ያንን አይተህ የፀሐዩን ብትቀንስ ተሸወድክ።

እባክህ፣ ወደ ቤት ከመመለስህ በፊት ሾፌሩ በር ጋ በተለጠፈው ወረቀት ወደተጻፈው ግፊት መልሰህ ሙላው። በ18 ፒ ኤስ አይ ሀይዌይ ላይ መንዳት ጎማውን እስኪፈነዳ ሊያግለው ይችላል። ትንሽ የንፋስ መሙያ ሻንጣ ውስጥ ይኑርህ።

«በርን አውቱ በጨሰ ቁጥር ጥሩ ነው»

በርን አውት ማለት ከመሮጥህ በፊት ጎማውን ባለበት አሽከርክሮ ማሞቅ ነው። ብዙ ጭስ ለቪዲዮ ጥሩ ነው፣ ለጎማው አይደለም። ስሊክ በደንብ መሞቅ ይፈልጋል። ድራግ ሬዲያል ግን ላዩ ላይ ያለውን ቆሻሻ ጠርጎ ትንሽ ሞቅ ካለ ይበቃዋል፤ ቀጭን ጭስ ብቅ ሲል ልቀቀው። ከዚያ ካለፈ ላስቲኩ ከመጠን በላይ ግሎ ይንሸራተታል፣ ዕድሜውም በከንቱ ያልቃል። ተራ የመንገድ ጎማ ከሆነማ ማቃጠሉ ብዙም የሚጠቅመው ነገር የለም።

መጀመሪያ ሜዳ የገቡ ልጆች ሁልጊዜ የሚሳሳቷት አንድ ነገር አለች። ከመነሻው በፊት ውሃ የሚረጭበት ቦታ አለ። ጥርስ ያለው ጎማ ካለህ በጎኑ ዙረህ እለፈው። ጥርሱ ውሃውን ይዞ መነሻው መስመር ላይ ያንጠባጥበዋል፣ ከኋላህ ለሚመጣውም ሳይቀር። ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይም ሂድ ቬጋስ፣ የሜዳው ሠራተኛ በእጁ ያሳይሃልና እሱን እይ።

«ሜዳ ላይ ከያዘ መንገድ ላይም ይይዛል»

አይይዝም፣ ቢያንስ እንደዚያ አይደለም። የውድድር ሜዳው መነሻ ላይ የሚያጣብቅ ኬሚካል ይረጫል፣ የጎማ ላስቲክም ተደራርቦ አለበት። በእግርህ ብትሄድበት ጫማህን የሚነጥቅ ቦታ ነው። መንገዱ ላይ ያለው አቧራ፣ ዘይትና ጠጠር ነው። ለስላሳው ላስቲክ ጠጠሩን ሁሉ ለቅሞ የመኪናህን ቀለም ይገርፍበታል፣ ድምፁን ከውስጥ ትሰማዋለህ። መንገድ ላይ መወዳደርን በተመለከተ ግን የምለው የለኝም፤ አታድርገው፣ አለቀ።

«ጎማ ብቻ ቀይር፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም»

ጎማው ሲሽከረከር ጉልበቱ በጭስ ይባክናል፣ ግን ከሱ ወዲህ ያለው ብረት ሁሉ ያርፋል። ጎማው መሬቱን ጨብጦ አልለቅም ሲል ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው አክስሉ፣ ዲፈረንሻሉና ካምቢዮው ላይ ነው። በተለይ በእጅ ማርሽ ሆኖ ፍሪሲዮኑን በከፍተኛ ዙር የሚለቅ ሰው አክስል ሲሰብር ያዩት ብዙ ናቸው። ስለዚህ ከጎማው ጋር ቀጥሎ ምን ሊሰበር እንደሚችል አስብና ለሱም በጀት ያዝ።

«ከኋላ ሁለት፣ በቃ»

የኋላ እግር ለሚገፋው መኪና አዎ። በፊት እግር የሚጎተት ከሆነ ጎማው የሚገባው ከፊት ነው። በአራቱም የሚነዳ ከሆነ አራቱም አንድ ዓይነትና እኩል ቁመት ይሁኑ፣ አለበለዚያ ጉልበቱን የሚያከፋፍለው ክፍል እየጋለ ይበላሻል። ከኋላ ባያስ ከፊት ሬዲያል አድርጎ ሀይዌይ ላይ መውጣትም አይሆንም፤ መኪናው ጭራውን ይወዘውዛል።

«አንዴ ገዝቼ ዓመቱን ሙሉ እነዳበታለሁ»

ጎኑ ላይ ትሬድዌር (ጎማው ምን ያህል ቶሎ እንደሚበላ የሚጠቁም) የሚል ቁጥር ፈልግ። ተራ ጎማ ላይ 400፣ 500 ታያለህ። ድራግ ሬዲያል ላይ 100 ወይም ከዚያ በታች፣ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ 0 ነው። ቁጥሩን አምራቹ ራሱ ነው የሚሰጠው፣ ቢሆንም መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ሥራ እየተመላለስክ ከነዳህበት በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ታጠፋዋለህ። እኔን ከጠየቅከኝ ርካሽ ትርፍ ቸርኬ ገዝተህ ድራግ ጎማውን እዚያ ላይ አስገጥም፣ ለሜዳ ቀን ብቻ ቀይር። ከሚመስልህ በታች ነው የሚያስወጣህ፣ በዝናብ ቀንም ሰላም ታድራለህ።

ዴንቨር ወይም ሚኒያፖሊስ ያለህ ደግሞ ክረምቱን አስብ። ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ላስቲኩ መያዙን እያቆመ ይሄዳል፣ ከዜሮ በታች ወርዶ ሲደርቅ ከነዳህበት ሊሰነጠቅም ይችላል። ጋራዥ ውስጥ ሙቀቱ ከዜሮ በታች በማይወርድበት ጨለማ ቦታ አስቀምጠው።

«ሁለቴ ብቻ የተሮጠበት ነው፣ አዲስ ማለት ነው»

ያገለገለ ጎማ የሚሸጥ ሰው ሁሉ የሚላት ዓረፍተ ነገር ናት። ጥርሱን አትመልከት። ይህ ላስቲክ በጋለና በበረደ ቁጥር፣ ዝም ብሎ በተቀመጠም ቁጥር ይደርቃል። የዲ ኦ ቲ ኮዱን መጨረሻ 4 አሃዝ አንብብ፤ 2319 ካለ በ2019 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከዚያ ጥፍርህን ላስቲኩ ላይ ተጫን። ለስላሳ ከሆነ ምልክት ይቀራል። ምልክት ካልቀረ ጥርሱ የቱንም ያህል አዲስ ቢመስል የምትገዛው ውድ ተራ ጎማ ነው፣ ለዚያውም ዝናብ ላይ የማይሆን።