የኦንላይን የሥነ ልቦና ምክር ምንድን ነው? እንዴትስ ይጀመራል?

ጭንቅ ጥብብ ብሏችሁ፣ ቤቱ ሁሉ ከተኛ በኋላ ስልካችሁን ከፍታችሁ "የሚያናግረኝ ሰው አገኝ ይሆን?" ብላችሁ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ፈልጌ አውቃለሁ። ያገኘሁት ነገር ግን ግራ አጋባኝ። አፕ አለ፣ ቪዲዮ አለ፣ "ቴራፒስት" የሚል አለ፣ "ላይፍ ኮች" የሚል አለ፣ መጀመሪያ ቅጽ ሙሉ የሚል አለ። ዘጋሁትና ሆድ ይፍጀው ብዬ ተኛሁ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ገጹን ለዘጉ ሰዎች ነው።

ነገሩ ሲብራራ ያን ያህል አይከብድም። የኦንላይን ምክር ወይም ቴራፒ ማለት የሠለጠነ ባለሙያ በኢንተርኔት የሚሰጣችሁ የንግግር ሕክምና ነው። በቪዲዮ፣ በድምፅ ብቻ ወይም በጽሑፍ ሊሆን ይችላል። ጽሑፉም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሁለታችሁም በአንድ ሰዓት ተቀምጣችሁ የምትጻጻፉበት፣ ሌላው እናንተ ዛሬ ጽፋችሁ ባለሙያው ነገ ወይም ከነገ ወዲያ የሚመልስበት። አንድ ቀጠሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ይወስዳል፤ በሳምንት አንዴ መገናኘት የተለመደ ነው። ምክር እና ቴራፒ የሚሉት ቃላት ተቀላቅለው ነው የሚነገሩት። ልዩነት አለ ከተባለ፣ ምክር የሚባለው ተለይቶ የታወቀ ጉዳይ ላይ፣ ሐዘን፣ ፍቺ፣ የሥራ ጫና ላይ ለአጭር ጊዜ ያተኩራል፤ ቴራፒ ደግሞ ሥር የሰደደውን፣ እየተመላለሰ የሚያስቸግረውን ነገር ይዞ ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል። የትኛው እንደሚያስፈልጋችሁ ግን ቀድማችሁ ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ያን መለየት የባለሙያው ሥራ ነው።

አዲስ ፈጠራ የሚመስላቸው አሉ። ሰው ከሩቅ ሆኖ ልቡን ሲያካፍል ግን ቆይቷል። ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1909 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ሥራ የአንድ ትንሽ ልጅን የፈረስ ፍርሃት ሲከታተል፣ ልጁን ለሕክምናው ብሎ ያገኘው አንድ ቀን ብቻ ነበር። የቀረውን ሁሉ የተከታተለው አባትየው እየጻፈ በሚያቀርብለት ማስታወሻ ነው። በ1959 በአሜሪካ የነብራስካ የሥነ አእምሮ ተቋም ሐኪሞች በሁለቱም በኩል በሚያሳይ ቴሌቪዥን ታካሚዎችን ማከም ጀመሩ። በ1986 ደግሞ የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስማቸውን ሳይገልጹ ጥያቄ የሚልኩበትን "አጎቴ ዕዝራን ጠይቁ" የተባለ የኮምፒውተር አገልግሎት ከፈተ።

ዋናው ጉዳይ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ወደ ኦንላይን ሲመጣ በእርግጥ የሚለወጥ አንድ ነገር አለ፣ እሱም ክፍሉ ነው።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ ክፍሉን ሌላ ሰው አዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። በሩ ይዘጋል፣ ወንበሩ ተስተካክሏል፣ ጠረጴዛው ላይ ሶፍት አለ፣ ማንም አይገባም። ስትጨርሱም ወደ ቤት የምትሄዱበት መንገድ አለ፤ በዚያ መንገድ ላይ የተናገራችሁት ነገር ቀስ እያለ ይረግባል። ኦንላይን ላይ ይህ ሁሉ በእናንተ እጅ ይወድቃል። ማን ይሰማኛል፣ የት ልቀመጥ፣ ስጨርስ ምን ላድርግ፣ ሁሉም የእናንተ ጉዳይ ይሆናል። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያ ቀጠሮዬን ያደረግኩት ሳሎን ተቀምጬ ነው፤ በሩ ክፍት ነበር፣ ሰው ይወጣል ይገባል፣ እኔም ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ "ብዙም አይደለም፣ ትንሽ ድካም ነው" ስል ቆየሁ። ቴራፒ ለኔ አይሆንም ብዬ ደመደምኩ። በሁለተኛው ቀጠሮ የመኝታ ክፍሌን በር ዘግቼ ገባሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እንባ ተናነቀኝ። ባለሙያዋ ያቺው ናት፣ ጥያቄውም ያው ነው። የተለወጠው በሩ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ድምፃችሁ የማይሰማበት ቦታ ፈልጉ። ከሌለ የቆመ መኪና ውስጥ መቀመጥም ይቻላል። የጆሮ ማዳመጫ ብታደርጉ ቢያንስ የባለሙያው ድምፅ አይሰማም፤ በር ሥር ሬዲዮ ወይም ቬንቲሌተር ከፍቶ ማስቀመጥ ደግሞ የእናንተን ድምፅ ይሸፍናል። ሰው በድንገት ቢገባ ወሬ ለመቀየር የምትጠቀሙበትን አንድ ቃል ከባለሙያው ጋር ተስማሙ። ስልኩን እጃችሁ ላይ አትያዙት፣ የሆነ ነገር ላይ አስደግፉት፤ የሚንቀጠቀጥ ምስል ሁለታችሁንም ያደክማል። የራሳችሁን ፊት የሚያሳየውን ትንሽ መስኮት ደብቁት። ራሱን በመስታወት እያየ የሚያለቅስ ሰው ማልቀሱን ትቶ ፊቱን ማስተካከል ይጀምራል፣ እኔ አድርጌዋለሁ። ዝምታን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። ፊት ለፊት ስትሆኑ ዝምታ ዝምታ ነው፤ በቪዲዮ ሲሆን ግን "ኔትዎርክ ተቋረጠ እንዴ?" ያሰኛል። "እያሰብኩ ነው" ብሎ መናገር ይበቃል። መስመሩ እውነት ቢቋረጥ ደግሞ ማን ለማን እንደሚደውል ከመጀመሪያው ይወሰን።

ከቀጠሮው በኋላ ቢያንስ አሥራ አምስት ደቂቃ ባዶ አድርጉት። ላፕቶፑን ዘግታችሁ ወዲያው ሥራ ስብሰባ ውስጥ አትግቡ። ያ የጠፋው የመመለሻ መንገድ መተካት አለበት። በእግር ዞር ዞር በሉ፣ ወይም ሁለት መስመር ጻፉ።

ውጤቱስ? ለድብርት እና ለጭንቀት የሚሰጠውን ሲቢቲ፣ ማለትም ሐሳብንና ድርጊትን አብሮ የሚመረምረውን የሕክምና ዓይነት የተመለከቱ በርካታ ጥናቶች አሉ። በኢንተርኔት ሆኖ ባለሙያ እየተከታተለው ሲሰጥ ውጤቱ ፊት ለፊት ከሚሰጠው ጋር ይቀራረባል ይላሉ። "ባለሙያ እየተከታተለው" የሚለውን አስምሩበት። ብቻችሁን የምትሠሩት ፕሮግራም ከሆነ መሀል ላይ ጥሎ የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ከሩቅ መሆኑ የሚያመጣው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጆን ሱለር የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር በ2004 እንደጻፈው ሰው ኦንላይን ሲሆን ፊት ለፊት የማይለውን ይናገራል፤ መሸማቀቁ ይላላል። ይህ ይጠቅማል። ሌላው ገጽታው ግን፣ በመጀመሪያው ቀን ሁሉን ዘርግፎ በማግስቱ እፍረት የሚይዘውና ዳግም የማይመለስ ሰው አለ። አትቸኩሉ። ያልተዘጋጃችሁበት ጥያቄ ቢመጣ "ይህን ሌላ ቀን ላንሳው" ማለት ሙሉ መብታችሁ ነው።

ማንን እንምረጥ? ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ነው፣ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ በንግግር ያክማል፣ ይመረምራል፤ መድኃኒት ማዘዝ ግን በአብዛኛው ቦታ ሥራው አይደለም። አማካሪ ደግሞ በምክር አገልግሎት የሠለጠነ ነው። "ኮች" የሚለው ስም በብዙ አገር በሕግ የተጠበቀ ስላልሆነ ማንም ራሱን ሊጠራበት ይችላል፤ መጥፎ ሰዎች ናቸው ማለቴ ሳይሆን ለድብርት ሕክምና እነሱ ጋ አይኬድም። ምን እንደተማረ፣ ፈቃዱን ማን እንደሰጠው፣ እንደናንተ ዓይነት ችግር ካለበት ሰው ጋር ሠርቶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ። ጥሩ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም። ፈቃዱን ስታዩ ደግሞ እናንተ ባላችሁበት አገር እንዲሠራ የሚያስችለው መሆኑን ተመልከቱ፤ በብዙ ቦታ ሕጉ የሚያየው ባለሙያው ያለበትን ብቻ ሳይሆን ታካሚው በዚያ ሰዓት የተቀመጠበትንም ጭምር ነው። ጉዞ ላይ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ብዙዎች እንደሚፈሩት አይደለም። ብዙ ጊዜ "አሁን የት ነዎት?" ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ፤ አድራሻም፣ በአደጋ ጊዜ የሚደወልለት ሰው ስልክም ይወሰዳል። ስለላ እንዳይመስላችሁ። ባለሙያው ከሩቅ ነው ያለው፣ ራሳችሁን ስታችሁ ብትወድቁ ሮጦ አይደርስም፤ እርዳታ የሚልክበትን ቦታ ማወቅ አለበት። ከዚያ የስምምነት ቅጽ ይመጣል። ምሥጢር እንደሚጠበቅ፣ የማይጠበቀውም መቼ እንደሆነ ይጻፍበታል፦ ራሳችሁን ወይም ሌላ ሰው የመጉዳት ቅርብ አደጋ ሲኖር፣ ሕፃን ላይ ጥቃት ሲደርስ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ። እያንዳንዱን መስመር አንብቡት።

አጭር መጠይቅም ሊሰጣችሁ ይችላል። ፒኤችኪው-9 የሚባለው ስለ ድብርት 9 ጥያቄዎች አሉት፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት የተሰማችሁን ከ0 እስከ 3 ትመልሳላችሁ፣ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። ጋድ-7 የተባለው ደግሞ ስለ ጭንቀት ነው፣ 7 ጥያቄ አለው። የፒኤችኪው ዘጠነኛ ጥያቄ የሚጠይቀው ስለ መሞት ሐሳብ ነው። እባካችሁ እውነቱን መልሱ። ሐሳቡ መጥቶብኛል ብላችሁ ስለመለሳችሁ ትታሰራላችሁ ማለት አይደለም፤ ባለሙያው ረጋ ብሎ ተጨማሪ ይጠይቃችኋል እንጂ።

የግል መረጃ ጉዳይ ግን በእርግጥ ያሳስበኛል። ፊንላንድ ውስጥ ቫስታሞ ከተባለ የሳይኮቴራፒ ድርጅት ከ30,000 በላይ ሰዎች መረጃ ተሰርቆ፣ በ2020 ሌባው ለየታካሚው እየጻፈ "ገንዘብ ክፈል፣ አለዚያ አወጣዋለሁ" ሲል ነበር። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ቤተርሄልፕ የተባለው የኦንላይን ቴራፒ ድርጅት የተጠቃሚዎችን መረጃ ለማስታወቂያ ሲል እንደ ፌስቡክና ስናፕቻት ላሉ ኩባንያዎች አካፍሏል ተብሎ በ2023 7.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ይህን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም። ማስታወሻው የት ይቀመጣል፣ ለማን ይሰጣል፣ ቀጠሮው ይቀረጻል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተርና ኢሜይል አትጠቀሙ። የይለፍ ቃሉ ቤተሰብ የማያውቀው ይሁን።

ኦንላይን የማይበቃበት ጊዜም አለ። ራሳችሁን ለማጥፋት ያሰባችሁበት መንገድና ጊዜ ካለ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የምትሰሙ ከሆነ፣ ምግብ መብላት አቁማችሁ ሰውነታችሁ እየተጎዳ ከሆነ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቁ። ዛሬውኑ አጠገባችሁ ላለ ሰው ንገሩ፣ የአደጋ ጊዜ ስልክ ደውሉ፣ ሆስፒታል ሂዱ። የሚመታችሁ ሰው ከጎረቤት ክፍል ሆኖ የሚሰማችሁ ከሆነም ቪዲዮው ራሱ አደጋ ሊያመጣ ስለሚችል ከቤት ውጪ ሆናችሁ የምትነጋገሩበትን መላ ፈልጉ።

አሁን አሁን ብዙ ሰው ሌሊት የሚያወራው ከኤአይ ቻትቦት ጋር ነው። ይገባኛል፣ አይተኛም፣ አይሰለችም። በ1966 ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው የኮምፒውተር ምሁር ጆሴፍ ዋይዘንባም ኤላይዛ የተባለች የኮምፒውተር ፕሮግራም ይፋ አደረገ፤ የጻፋችሁትን ወደ ጥያቄ ቀይራ ከመመለስ ያለፈ አታውቅም ነበር። የዋይዘንባም ጸሐፊ ፕሮግራሟን እንዴት እንደሠራት ታውቃለች። እንደዚያም ሆኖ ከኤላይዛ ጋር ትንሽ እንዳወራች ክፍሉን ልቀቅልኝ አለችው። ሰው ምን ያህል የተዘጋ በር እንደሚናፍቅ ይህ ያሳየኛል። ቻትቦት ግን ፈቃድ የለውም፣ ቢያጠፋ የሚጠየቅ ሰው የለም፣ ስትጠፉ "የት ገባህ?" ብሎ አይደውልም። ሐሳብ ለማደራጀት ተጠቀሙበት፣ በባለሙያ ቦታ ግን አታስቀምጡት።

ሦስት አራት ጊዜ ከተገናኛችሁ በኋላ ራሳችሁን ጠይቁ። የሥነ ልቦና ምሁሩ ኤድዋርድ ቦርዲን በ1979 የታካሚና የባለሙያ ትብብር በሦስት ነገር ይቆማል ብሏል፦ በግቡ መስማማት፣ በሚሠራው ሥራ መስማማት፣ በመካከላቸው ያለ መተማመን። አንዱ ከጎደለ ለራሱ ለባለሙያው ንገሩት። አብዛኛው ይስተካከላል። ካልተስተካከለ ሌላ ሰው ፈልጉ፤ ባለሙያ መቀየር ውለታ ቢስነት አይደለም።

ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ አጭር መልእክት ነው። እኔ የላክሁት እንዲህ ይል ነበር፦ "ጤና ይስጥልኝ። ላለፉት ሁለት ወራት እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ ነገሮች ሁሉ ያስፈሩኛል። ከዚህ በፊት ባለሙያ አነጋግሬ አላውቅም። በቪዲዮ ቀጠሮ ይሰጣሉ? ማታ ማታ ብቻዬን የምሆንበት ክፍል አለኝ።"