የመኪና ብረትና የካርቦን ልቀት፦ በድሬዳዋ ጋራዦች የሚነገረውና እውነታው

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ድሬዳዋ ጋራዥ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ወሬ አይጠፋም። ከወሬው ውስጥ ግን መታረም ያለበት አለ።

«ኤሌክትሪክ ከሆነ ብክለቱ ቀረ።»
የጠፋው ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ብቻ ነው። አንድ መኪና በአማካይ 900 ኪሎ ያህል ብረት አለው። በድንጋይ ከሰል ምድጃ 1 ቶን ብረት ሲመረት ደግሞ ከ2 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል።

«ምድጃውን በኤሌክትሪክ ማሞቅ ይበቃል።»
አይበቃም። ከሰሉ ማገዶ ብቻ አይደለም፤ ከማዕድኑ ውስጥ ኦክስጅኑን ነጥቆ የሚያወጣው እሱ ነው። ሙቀቱ ከየትም ይምጣ፣ ከዚህ ኬሚካላዊ ለውጥ ብቻ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የጭስ ማጣሪያም አያድንም፤ የሚይዘው አቧራውን ነው።

«ሃይድሮጂን ከገባ አለቀ።»
ሃይድሮጂን ኦክስጅኑን ሲነጥቅ የሚወጣው ውሃ ነው፤ ስዊድን ውስጥ በዚህ መንገድ የተሠራ ብረት በ2021 እ.ኤ.አ. ለቮልቮ ደርሷል። ለ1 ቶን ብረት 50 ኪሎ ገደማ ሃይድሮጂን ይፈልጋል፤ እያንዳንዱን ኪሎ ከውሃ ለመለየት ደግሞ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይሄዳል። ሃይድሮጂኑ ከተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ከሆነ ግን በኪሎው 9 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥቶበታል። መጠየቅ ያለበት ከምን እንደተሠራ ነው።

«ውራጅ ብረት ሁሉ አንድ ነው፤ ቀልጦ እንደገና መኪና ይሆናል።»
እኛን በቀጥታ የሚነካው ይሄ ነው። ውራጅ በኤሌክትሪክ ምድጃ ሲቀልጥ ልቀቱ በብዙ እጥፍ ይቀንሳል፤ ችግሩ በመኪናው ገመድና ሞተሮች ውስጥ ያለው መዳብ ነው። መዳብ ከብረት ጋር አንዴ ከቀለጠ በተለመደው የማጣሪያ ዘዴ አይወጣም። ብረቱ ከ1,100 ዲግሪ በላይ ግሎ ሲዳመጥ ላዩ ላይ ያለው ብረት ይዝጋል፣ መዳቡ ግን ሳይዝግ እዚያው ይከማቻል። በ1,085 ዲግሪ ስለሚቀልጥም በብረቱ ቅንጣቶች መሃል ሰርጎ ላሜራውን ይሰነጥቀዋል። ፌሮ እስከ 0.4 በመቶ መዳብ ይችላል፤ ለኮፈንና ለበር የሚሆን ላሜራ ግን ከ0.1 በመቶ በታች ነው የሚፈልገው። በ900 ኪሎ ብረት ውስጥ 1 ኪሎ መዳብ ከቀረ 0.11 በመቶ ደረሰ፤ ያ ብረት ፌሮ ይሆናል፣ ለአዲሱ ላሜራ እንደገና ማዕድንና ከሰል ይፈለጋል።

ስለዚህ የሐረር አሮጌ ፔጆም ሆነ ሌላ መኪና ለቆራሌው ከመሰጠቱ በፊት መጀመሪያ ባትሪው ይነቀል። ቀጥሎ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ የዝናብ መጥረጊያውና የመስኮቱ ሞተሮች፣ ራዲያተሩም ይውጡ። ከዳሽቦርድ እስከ ኋላ መብራት ያለው ገመድ ሳይቆራረጥ ይሳብ፤ ከተቆራረጠ ቁራጩ በሻንሲው ውስጥ ይቀራል። ገመዱን ማቃጠል አይገባም፤ የፕላስቲኩ ጭስ መርዛማ ነው፣ መዳቡም ጠቁሮ ዋጋው ይወርዳል።