ጣሊያንኛን ለባዕድ የሚያስተምረው የፔሩጃ ዩኒቨርሲቲ

ፔሩጃ በመካከለኛው ጣሊያን፣ ተራራ ላይ የተቆረቆረች የኡምብሪያ ክልል ዋና ከተማ ናት። ኤትሩስካውያን የተባሉ የጣሊያን ጥንታውያን ሕዝቦች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ያቆሙት የድንጋይ በር ዛሬም እግረኛ ያሳልፋል። ከበሩ ፊት ለፊት በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የመኳንንት ቤት አለ፤ ጋሌንጋ ስቱዋርት ይባላል። የቤቱ ባለቤት ዛሬ መኳንንት ሳይሆን ተማሪ ነው። ይህ ሕንፃ የፔሩጃ የባዕዳን ዩኒቨርሲቲ ዋና መቀመጫ ነው። ስሙ ለጆሮአችን ሻካራ ይሁን እንጂ ነገሩ ቀጥተኛ ነው፤ ጣሊያንኛ አፍ ላልፈታ ሰው የተቋቋመ ትምህርት ቤት ማለት ነው።

ነገሩን የጀመረው አስቶሬ ሉፓቴሊ የተባለ የከተማው የሕግ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ስለ ጣሊያን ባህል የሚሰጥ ተከታታይ ትምህርት አቋቋመ፤ በ1925 ደግሞ ትምህርቱ በንጉሥ ድንጋጌ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ዘመኑ የፋሺስቶች ነበርና ተቋሙም ከዚያ ጥላ አላመለጠም። ሙሶሊኒ ራሱ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 1926 እዚያው ተገኝቶ ስለ ጥንታዊት ሮማ የባሕር ኃይል ንግግር አድርጓል። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው ጦሩ መረብን ተሻገረ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሁለቱን ቀኖች አለማስተያየት ይከብዳል።

ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣ ሕግ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የሚሰጥ ሆነ፤ በሲዬና የሚገኘው እህቱም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ደረጃ አገኘ። ዛሬ ከቋንቋው ኮርስ ጎን ለጎን የጣሊያን ሥነ ጽሑፍ፣ ታሪክና ሥነ ጥበብ ይሰጣል፤ ጣሊያንኛን ለባዕድ ማስተማርም ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ መምህራን ይሠለጥኑበታል። በራስ ቋንቋ መራቀቅ አንድ ነገር ነው፤ ያንኑ ቋንቋ ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ማስረዳት ግን ሌላ ጥበብ ይጠይቃል። በእኔ ግምት የተቋሙ ትልቁ አስተዋጽኦ ይህን ልዩነት በቁም ነገር መያዙ ነው።

ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው የጣሊያንኛ ችሎታ ፈተና ‹ቼሊ› ይባላል፤ ደረጃዎቹም ከጀማሪው ኤ1 እስከ ከፍተኛው ሲ2 ከሚደርሰው የአውሮፓ የቋንቋ ችሎታ መለኪያ ጋር ይዛመዳሉ። ቁጥሩ ትንሽ ያደናግራል፤ ቼሊ 1 ማለት ኤ2፣ ቼሊ 2 ማለት ቢ1፣ ቼሊ 3 ማለት ቢ2 እያለ እስከ ሲ2 ይደርሳል። የምስክር ወረቀቱ ጥቅም ከክፍል ውጭም ይዘልቃል። በጣሊያንኛ በሚሰጥ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ለመመዝገብ ብዙውን ጊዜ ቢ2 ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በጋብቻ ወይም በነዋሪነት የጣሊያን ዜግነት የሚጠይቅ ሰው በአብዛኛው የቢ1 ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ስለዚህ ለሥዕልና ለኦፔራ ፍቅር ብሎ የሚማረውም፣ ወረቀቱን ለማስተካከል የሚማረውም ለአንድ ዓይነት ፈተና ይቀመጣሉ።

አማርኛ ተናጋሪ ወደዚህ ትምህርት ባዶ እጁን አይገባም። ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ጎሚስታ፣ ላቫጆ የጋራዥ ቃላቱ ናቸው፤ ማኪያቶ ደግሞ የየማለዳ ጓደኛው። ነገር ግን ‹ማኪያቶ› ለጣሊያናዊ የቡና ስም ብቻ አይደለም፤ ‹እድፍ ወይም ነጠብጣብ ያለበት› ማለት ነው። ‹ካሚቻ›፣ ማለትም ሸሚዝ፣ በጣሊያንኛ ሴት ስለሆነች ወጥ የፈሰሰባት ሸሚዝ ‹ማኪያታ› ትባላለች። ከአዲስ አበባ የተሸከምነው ቃል እዚህ ላይ ጾታ ያወጣል፤ ሰዋስውም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አክብሮትም ሌላ መሰናክል አለው። እርስዎና አንተ የመለየትን ሥርዓት ከቤታችን እናውቀዋለን፤ የሚያደናግረው የጣሊያንኛው እርስዎ፣ ‹ሌይ›፣ ‹እሷ› ከሚለው ቃል ጋር አንድ መሆኑ ነው። ጢማም ፕሮፌሰርም ቢሆን ‹ሌይ› ነው።

በአንጻሩ ብዙ ባዕዳንን የሚያንገላታው የድምፅ መጥበቅና መላላት ለእኛ አዲስ አይደለም። ‹አለ› ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ መኖርን እንደሚያመለክት ሕፃን ሳለን ተምረነዋል። ጣሊያንኛም እንዲሁ ነው፤ ‹ፓላ› ላልቶ አካፋ፣ ጠብቆ ኳስ ይሆናል። ጣሊያኖች የሚጠብቀውን ፊደል ሁለት ጊዜ ይጽፉታል። የቃላት ማስታወሻውን በግዕዝ ፊደል የሚይዝ ተማሪ ግን ይጠንቀቅ፤ በእኛ አጻጻፍ አካፋውም ኳሱም ያው ‹ፓላ› ነው።